የመጨረሻዋ ወንበር

ፀሐይ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሰንጠረዡ ላይ ሦስት ቦታ አለች። አንዱ ረድፍ ላይ «ፀሐይ»፣ ሌላው ላይ «ጸሃይ»፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል ተጽፋለች። የአባቷ ስም ያው ነው፤ ትምህርት ቤቷም፣ ሴክሽኗም ያው። አንዲት ልጅ ሦስት ወንበር ይዛለች። ከሰንጠረዡ ግርጌ ደግሞ «ሞልቷል» ከተባለ በኋላ በቴሌግራም የለመኑ ልጆች ስም በቀይ ተደርድሯል።

ይህን የኤክሴል ፋይል ያሳዩኝ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ምህንድስና የሚማሩ ልጆች ናቸው። ፋይሉ የታላላቆቻቸው ነው፤ ቀደም ሲል የምህንድስናውን ቀን ያስተባበሩት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ተመርቀው ሲሄዱ የተዉላቸው ቅርስ ይኸው ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ዝግጅት የምዝገባ ድረ ገጽ ሊሠሩ ተቀመጡ። ሥራውን ሲቀበሉ ቀላል መስሏቸው ነበር፤ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ክፍል፣ «ተመዝገብ» የሚል ቁልፍ፣ አለቀ። አንደኛው እንዲያውም በአንድ ሌሊት እጨርሰዋለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር። ፎክሮም አላፈረም፤ ቅጹን በአንድ ሌሊት ሠራው። ሴሚስተሩን የበላው ከቅጹ ጀርባ ያለው ጣጣ ነው።

የምህንድስናው ቀን እንዲህ ያለ ነው። ዩኒቨርሲቲው በዓመት አንድ ቅዳሜ ላብራቶሪዎቹን ለአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይከፍታል። ተማሪዎቹ በስፓጌቲና በሙጫ ድልድይ ሠርተው እስኪሰበር ድረስ ክብደት ይሰቅሉበታል፤ አርዱይኖ ላይ ሽቦ አገናኝተው መብራት ብልጭ ድርግም ያስደርጋሉ፤ ሲቪል ላብራቶሪ ገብተው የኮንክሪት ኩብ በማሽን ተጨምቆ ሲሰነጠቅ ያያሉ። እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሐንዲሶች ሳምንት ያከብራሉ፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለልጃገረዶች የተለየ ቀን አላቸው። በእኛም አገር ዩኒቨርሲቲዎች ስቴምፓወር ከሚባለው ድርጅት ጋር ያቋቋሟቸው የስቴም ማዕከላት ልጆችን ያስተናግዳሉ። የዚህችኛዋ ቅዳሜ ጭንቀት ግን አንድ ቀን ብቻ መሆኗ ነው። ያመለጠችው ልጅ ሌላ ዓመት መጠበቅ አለባት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ከሆነች ደግሞ ሌላ ዓመት የላትም።

ወንበሩ የተወሰነው በስስት አይደለም። ሶልደሪንግ አይረን ጫፉ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ልጅ ከበዛ የሚቃጠል እጅ አይጠፋም። ስለዚህ እያንዳንዱ ላብራቶሪ በየፈረቃው የሚቀበለው ቁጥር አለው፤ ያም ቁጥር በልመና አይጨምርም። የምዝገባ ሥርዓቱ ተቀዳሚ ሥራ ይህንን ቁጥር መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ስሪት የወደቀውም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ምሽት የዶርም ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ሁሉም በየስልኩ በአንድ ጊዜ ቁልፉን እንዲነካ አደረጉ። ገጹ ከተፈቀደለት በላይ ሰው አስገባ። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ኮዱ ሁለት ነገር በተራ ይሠራ ነበር፤ መጀመሪያ «ስንት ወንበር ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ቀርቶ ካገኘ ይመዘግባል። በጥያቄውና በምዝገባው መካከል ያለችው ጊዜ የሰከንድ ሽራፊ ብትሆንም፣ ሁለት ልጆች እዚያች ሽራፊ ውስጥ ከተገናኙ ሁለቱም «አንድ ቀርቷል» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ይገባሉ። ሁለት ረዳት እንዳለው ታክሲ ማለት ነው፤ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሆነው «አንድ ሰው! የሞላ!» እያሉ ለዚያችው ወንበር ሁለት ተሳፋሪ ይጠራሉ።

መድኃኒቱ ጥያቄውንና ምዝገባውን አንድ ማድረግ ነው። ዳታቤዙ «ወንበር ካለ አንዱን ቀንሰህ ስጥ፤ ከሌለ እምቢ በል» የሚል አንድ የማይነጣጠል ትእዛዝ ይቀበላል፤ ያንን ሳይፈጽም ሌላ ጠያቂ ያችን ረድፍ ሊነካት አይችልም። ይህ በዳታቤዝ ኮርስ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ክፍል ውስጥ ግን ምሳሌው ሁልጊዜ ከአንዱ የባንክ ሒሳብ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ገንዘብ ስለሆነ፣ ልጆቹ ፈተናውን አልፈው ነገሩን ረስተውት ነበር።

ከዚያው ጋር ሌላም ጣጣ መጣ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፤ እኔም እጫናለሁ፣ እርስዎም ይጫናሉ። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር አንድ ምዝገባ ከሆነ ፀሐይ ሦስት ጊዜ ብቻ መመዝገቧ ራሱ ዕድል ነው። አሁን ገጹ ሲከፈት አንድ የማይደገም ቁጥር ይዞ ይከፈታል፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ ሰርቨሩ አዲስ ረድፍ ሳይጨምር የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ፎቶዎቹንም ከገጹ አወጧቸው። የላብራቶሪ ፎቶ እስኪወርድ ድረስ ዳታዋ የሚያልቅባት ልጅ ቅጹን ሳታየው ትቀራለች።

እስከዚህ ያለው ንጹሕ የምህንድስና ሥራ ነው፤ ልጆቹም ኮርተውበታል። ከዚያ አስተባባሪዋ መምህርት የድሮውን ኤክሴል በትምህርት ቤት ለይታችሁ አሳዩኝ አሏቸው። ለይተው አሳዩ። ወንበሩ የሞላው በተከፈተበት ምሽት ነበር፤ የሞሉትም ባብዛኛው ከተማው መሃል ያሉ፣ ወላጆቻቸው የቴሌግራም ግሩፕ ያላቸው፣ ቤታቸው ዋይፋይ የገባላቸው ጥቂት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ትምህርት ቤት የመጣው ምዝገባ በማግስቱ ነው፤ በቀይ የተደረደሩት ስሞች እነዚያ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ቀኑን ያዘጋጀው ደግሞ በይበልጥ ለእነሱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ልጆቹ ሳምንታት ያጠፉት ሁለት ሰው በሰከንድ ሽራፊ ሲሽቀዳደም ኮዱ እንዳይሳሳት ነበር። ሽቅድምድሙ ራሱ ለምን አለ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። «የቀደመ ይገባል» የሚለው ደንብ ፍትሐዊ የሚመስለን ወረፋ ስለለመድን ነው። በአካል የሚያዝ ወረፋ ቢያንስ ማልዶ የመነሣትን ድካም ይለካል፤ በድረ ገጽ የሚያዝ ወረፋ የሚለካው የኢንተርኔት ፍጥነትን ነው። በእኔ እምነት እንዲህ ላለው ዝግጅት ከዚህ የባሰ መስፈርት አይገኝም፤ ምህንድስናን አይተው የማያውቁ ልጆችን ልንጋብዝ ወጥተን፣ ቤታቸው ራውተር ያለውን እንመርጣለን።

ስለዚህ ዕጣ ሆነ። ምዝገባው ለቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በመጀመሪያው ደቂቃም ሆነ በመጨረሻው የገባ እኩል ነው። ከተዘጋ በኋላ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መነሻ ድርሻ ይያዝለታል፣ ለሴቶች ልጆችም ድርሻ ይያዛል፣ በየድርሻው ውስጥ ስሞቹ ይበጠበጣሉ፤ ያልተሞላ ድርሻ ወደ ጋራው ቋት ይመለሳል። ደንቡ ይህን ያህል ነው። ሰው እንዲያምነው ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ዕጣ አወጣ ሲባል «ማን ያየዋል?» የሚል ወላጅ አለ፤ እውነቱንም ነው።

የኮምፒውተር ዕጣ አንድ ደግ ጠባይ አለው። ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነሥቶ የሚበጠብጥ ስለሆነ፣ ያንኑ ዝርዝርና ያንኑ መነሻ ቁጥር የያዘ ሁሉ ያንኑ ውጤት ያገኛል። እንግዲህ መነሻ ቁጥሩን አስቀድሞ ማንም ሊያውቀው ካልቻለ፣ ኋላም ማንም ሊክደው ካልቻለ፣ ዕጣው በማንም ላፕቶፕ ላይ ተደግሞ ሊመረመር ይችላል። ከልጆቹ አንዱ መነሻ ቁጥሩ ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ የሚወጣው የሎተሪ አንደኛ ዕጣ ቁጥር ይሁን አለ። እንደ ቀልድ ተነሥቶ ቁም ነገር ሆነ። ሎተሪው በአደባባይ ይወጣል፣ ቁጥሩ ይታተማል፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ ሰው ሊነካካው አይችልም።

ከዕጣው ጋር አብሮ የመጣው የመምህራን መግቢያ ነው። ስልክ የሌለው ተማሪ በራሱ ሊመዘገብ አይችልም። ስለዚህ ከየትምህርት ቤቱ አንድ የፊዚክስ ወይም የአይሲቲ መምህር ተመርጦ የክፍሉን ልጆች በጅምላ ያስገባል። አንዳንዱ መምህር ኤክሴል ይልካል፤ አንዳንዱ በእጅ የጻፈውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለአስተባባሪዋ ይልካል፣ አንድ ተማሪ ተቀምጦ ይገለብጠዋል። ይህኛው ዲጂታል አይደለም ብሎ የሚያፍርበት ካለ ይፈር። የወረቀቱ ስም እንደ ሌላው ስም ወደ ዕጣው ይገባል።

አሁን ወደ ፀሐይ እንመለስ፤ ሦስት ቦታ ተመዝግባ ዕጣ ውስጥ ከገባች ዕድሏ ከጓደኞቿ ሊበልጥ ነው። ስሟን በአማርኛ ስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ነው። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። በድምፅ የማይለያዩ 12 አጻጻፎች ማለት ነው፤ ሊቃውንቱ ትክክለኛው አንዱ ነው ቢሉም ዘጠነኛ ክፍል ያለች ልጅ የስልኳ ኪቦርድ የሰጣትን ትነካለች። ለኮምፒውተር ደግሞ 12ቱም የተለያዩ ስሞች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ ሐ የሀ ዘመድ ነው የሚል ማስታወሻ ግን ቁጥሩ ውስጥ የለም።

ልጆቹ የሠሩት ስሙን ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ ነው። አንደኛው ልጅቷ እንደጻፈችው ነው፤ ደረቷ ላይ የሚንጠለጠለው ባጅም ሰርተፊኬቷም ይህንኑ ይይዛል፤ ማንም አያርመውም። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ሞክሼ ፊደላት በሙሉ ወደ አንድ ወኪል ተጠቅልለው ይገባሉ። ሥርዓቱ ሁለት ረድፍ ተመሳሳይ ሲያገኝ ግን በራሱ አይሰርዝም። በአንድ ሴክሽን ውስጥ በስም እስከ አባት የሚገጥሙ ሁለት ልጆች አይጠፉም፤ ስለዚህ የአያት ስም ይጠየቃል፤ የቀረውን ሰው አይቶ ይወስናል። ስልክ ቁጥርን መለያ እናድርገው ቢሉ ሦስት ወንድማማች በእናታቸው ስልክ ይመዘገባሉ። ኢሜይልማ የማይታሰብ ነው። የፋይዳ ቁጥርም ተነሥቶ ነበር፤ ለአንድ ቅዳሜ ብሎ ከልጅ ላይ የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር መሰብሰብ ግን አስተባባሪዋ ካሰቡት በላይ ከባድ ጉዳይ ሆኖ አገኙት፤ ተዉት።

የማያስፈልግን ነገር አለመጠየቅ ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን ያየሁት በትውልድ ቀን ላይ ነው። መጀመሪያ ቅጹ የትውልድ ቀን ይጠይቅ ነበር። የድረ ገጹ ቀን መምረጫ 12 ወር ብቻ ያውቃል፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ወሩን ፈልጎ ያጣዋል። ዓመቱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በ2001 የተወለደ ልጅ 2001 ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶት የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ያደርገዋል። ልጆቹ መቀየሪያ ኮድ ጽፈው፣ የአራት ዓመቱን የጳጉሜን 6 ዑደት አስልተው፣ ሞክረው ጨርሰው ነበር። መምህርቷ ለምን እንደሚፈልጉት ሲጠይቋቸው መልስ አጡ። የሚያስፈልገው የክፍል ደረጃ ነው። ያ ሁሉ ኮድ ተሰረዘ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የሰው መረጃ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ ይሰብሰብ ማለት መልካም ምክር ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው።

ሰዓቱን ግን መሰረዝ አይቻልም። ፈረቃው ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል፤ ሰርቨሩ 9 ይለዋል፤ ሰርቨሩ የሚመራበት የዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 6 ይላል። በአንድ ፈረቃ ላይ ሦስት ቁጥር። ልጆቹ ውስጡን ለሰርቨሩ ትተው፣ ሰው የሚያየው ላይ ሁሉ ከቁጥሩ በፊት «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል ግድ አደረጉ። «ተመዝገብ» የሚለው ቁልፍም በዚያው ሰሞን «ምዝገባ» ሆነ፤ ልጃገረዶችን እንጋብዛለን የሚል ገጽ ወንድ ብቻ እያናገረ ኖሯል።

የዕጣው ውጤት በአጭር የስልክ መልእክት ይላካል፤ ተራ ስልክ ላይም ይደርሳልና። እዚህም ፊደላችን ዋጋ ያስከፍላል። በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል እንደገባ ግን መላኪያው ሥርዓት ይቀየርና አቅሙ ወደ 70 ይወርዳል፤ ከ70 ያለፈው እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ እንደ ሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ረቂቅ የዲኑን ሰላምታና የኮሌጁን ራእይ ጨምሮ አምስት መልእክት የሚያህል ነበር። የመጨረሻው ይህ ነው፦ «ፀሐይ፦ ቦታ ተገኝቷል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ዋናው በር። ኮድ 4827»። ከነክፍተቱ 45 ነው። ስሟ የቀደመው ስልኩ የእናቷ ስለሆነ ነው። ሥራ ላይ ላሉ የቢሮ ሰዎች ሁሉ ይህን ረቂቅ ባሳየሁ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ከዚያ መቅረት አለ። በነፃ የሚሰጥ ነገር ሁሉ የሚቀርበት ሰው አለው፤ የቀረው ልጅ ወንበር ባዶ ሲውል ተጠባባቂው ቤቱ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት «ይመጣሉ?» የሚል መልእክት ይሄዳል፤ 1 ወይም 2 ብሎ መመለስ ነው። 2 ካለ ወንበሩ በዕጣው ቅደም ተከተል ወደሚቀጥለው ተጠባባቂ ያልፋል። ዝም ካለስ? እዚህ ላይ ቡድኑ ተከፋፍሎ ነበር። ዝም ያለ ይሰረዝ ያሉት ነበሩ፤ ግን ባትሪው የሞተ ስልክ ያለው ቤት የትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዝም ላለው ልጅ ለመምህሩ ይደወላል፤ የሚደውለውም ሰው ነው።

በቅዳሜው ማለዳ በር ላይ የነበረው ትርምስ የተለመደው ዓይነት ነው፤ ሚኒባስ፣ ዩኒፎርም፣ አንድ ጥበቃ፣ «ቲቸር የኔ ስም የለም» የሚል ጩኸት። ኔትወርኩ ጠፋ። ይህ ታስቦበት ስለነበር ዝርዝሩ ሌሊቱን በር ላይ ወዳሉት ስልኮች ተጭኖ አድሯል፤ የገባው ልጅ እዚያው ይመዘገባል፣ መስመሩ ሲመለስ ወደ ሰርቨሩ ይላካል። ኪው አር ኮድ አልተጠቀሙም፤ ተራ ስልክ ምስል አያሳይም፣ አራት አኃዝ ግን በቃልም ይነገራል። ከሁሉ ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለው የታተመው ወረቀት ነው። ወረቀቱም የራሱ ታሪክ አለው፤ ኮምፒውተር በዩኒኮድ ቁጥር ሲደረድር ሀብታሙን መጀመሪያ፣ ሐናን ከለምለም በኋላ፣ ኃይሉን ከተስፋዬ በኋላ ያስቀምጣል። በር ላይ ያለ ሰው ኃይሉን ከሀ ዘንድ ፈልጎ አጥቶ «የለህም» ይለዋል። ለፍለጋ የተጠቀለለው ሁለተኛው ስም እዚህም ጠቀመ፤ ዝርዝሩ የተደረደረው በእሱ ነው።

የተማሪ ሥራ ዋና በሽታው ምረቃ ነው። የሠራው ልጅ ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሣል፣ የይለፍ ቃሉ በስልኩ ውስጥ ይሄዳል፣ በዓመቱ ገጹ አይከፈትም። ይህ ቡድን ገጹን ያሳደረው የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ነው፤ የውጭ ሰርቨር በዶላር የሚከፈል ስለሆነ ሌላም ምርጫ አልነበራቸውም። የይለፍ ቃሉ በአይሲቲ ቢሮው እጅ ነው። ሦስተኛ ዓመቶች ኮዱን ተረክበዋል፤ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ገጽ መጨመር ከቀሩት ሥራዎች ቀዳሚው ነው። በርክክቡ ላይ በጉልህ የተጻፈው ደንብ ደግሞ ከዝግጅቱ በኋላ የልጆቹ ስምና ስልክ እንደሚጠፋ፣ በትምህርት ቤትና በክፍል የተጠቃለለው ቁጥር ብቻ እንደሚቀር ይናገራል።

ሦስተኛ ዓመቶቹ በተረከቡ ሰሞን ያነሡት ጥያቄ ከዚሁ ደንብ ጋር ተላትሟል። ባለፈው ዓመት ዕጣ የወጣለት ልጅ ዘንድሮም ካልወጣለት ልጅ እኩል ይግባ? አይግባ ያሉት፣ አንዴ ያየ ላላየ ይልቀቅ ባይ ናቸው። ይህን ለማድረግ ግን ባለፈው ዓመት ማን እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን ዝርዝር ደግሞ እናጠፋለን ብለው ለወላጅ ቃል ገብተው፣ በቃላቸውም መሠረት አጥፍተውታል። ስሙን በማይመለስ የተመሰጠረ ቁጥር ቀይረን እናስቀምጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከትምህርት ቤቱ ዝርዝር ጋር እያስተያየ ማንም ሊፈታው ይችላል የሚል መልስ ተሰጥቶታል። ቀላሉ መንገድ ልጁን ራሱን «አምና መጥተህ ነበር?» ብሎ መጠየቅና ማመን ነው ያለችው አንዲት ተማሪ ናት። እሷ ያቀረበችው ጥያቄ ለጊዜው ቅጹ ላይ ገብቷል፤ መልሱ ዕጣው ላይ ምን ያህል ይመዝን የሚለው ግን ገና አልተወሰነም።